ቪውፖርት ስትመርጡ የሚሸውዷችሁ ነገሮች

ባለፈው አንድ አዲስ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ አጠገቤ መጣ። «ይሄ ቪውፖርት አልመረጥ አለኝ።» እስቲ አሳየኝ አልኩት። መሃሉን ይነካል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። የሕንፃ ሥዕል የምንሠራበት ፕሮግራም፣ ኦቶካድ፣ ዝም።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው። ሌይአውት፣ ማለትም ለኅትመት የሚዘጋጀው ገጽ ላይ ያለ ቪውፖርት፣ ዋናው ሥዕል እንዲታይ ወረቀቱ ላይ እንደተከፈተ መስኮት ነው። የሚያዘው በክፈፉ ነው። መስመሩን አንዴ ንኩት፣ ይመረጣል። መሃሉን ደብል ክሊክ ካደረጋችሁ ግን መረጣችሁ ሳይሆን ገባችሁ። ክፈፉ ይወፍራል። ከዚያ በኋላ የምትነኩት ሁሉ ዋናው ሥዕል ነው።

እዚህ ጋ እኔም ጉድ ሆኛለሁ። የአንድ ጂ ፕላስ ፎር ሕንፃ ሥዕል ነበር። ወረቀቱ ላይ ነኝ ብዬ ትርፍ የመሰሉኝን ጽሑፎች አጠፋሁ። ለካ ውስጥ ነበርኩ። የክፍል ስሞቹ ከሌሎቹም ገጾች ላይ ድራሻቸው ጠፋ። ያወቅሁት ታትሞ ከመጣ በኋላ ነው፤ ስድስት ኤ ዋን ወረቀት። አሁን ዲሌት ከመንካቴ በፊት ግራውን ጥግ አያለሁ። የሦስት ማዕዘን ምልክት ካለ ወረቀቱ ላይ ነኝ። የኤክስና የዋይ ምልክቱ መስኮቱ ውስጥ ከታየ ውስጥ ነኝ። ለመውጣት ከክፈፉ ውጪ ደብል ክሊክ ማድረግ ነው።

ውስጥ ሆኖ የማውዙን ጎማ ማሽከርከርም አለ። 1:100 የነበረው ፕላን ትንሽ ያብጣል ወይ ይኮማተራል። በዓይን አይለይም። ሳይት ላይ ያለው ሰው በስኬል ማስመሪያ ሲለካው ግን 4 ሜትር ያላችሁት ክፍል 3.90 ሆኖ ቁጭ ይላል። ከዚያ ስልክ ይደወልላችኋል። ስለዚህ ስኬሉን እንዳስተካከላችሁ ክፈፉን ምረጡና ፕሮፐርቲስ (የመረጣችሁት ነገር ዝርዝር የሚታይበት ሰሌዳ) ውስጥ «ዲስፕሌይ ሎክድ» የሚለውን «የስ» አድርጉት። ከተቆለፈ በኋላ ውስጥ ሆናችሁ ዙም ብታደርጉ ወረቀቱ በሙሉ ይንቀሳቀሳል እንጂ ስኬሉ አይነካም።

ክፈፉ ጭራሽ ካልታየስ? አብዛኛውን ጊዜ ያለበት ሌየር (መስመሮች የሚመደቡበት ንብርብር) ፍሪዝ ተደርጎ፣ ማለትም ተደብቆ ነው። ሥዕሉ ይታያል፣ የሚያዝ ነገር ግን የለም። ክፈፉ እንዳይታተምበት ብሎ አንዱ ያደርገዋል፣ ፋይሉን የተረከበው ይቸገራል። ከዚህ ይልቅ ለቪውፖርት ብቻ የሚሆን ሌየር ክፈቱና የፕሎት (የኅትመት) ምልክቷን አጥፉ። ስክሪን ላይ ይታያል፣ ወረቀት ላይ አይወጣም። ብዙዎቻችን ኦቶካድ ራሱ የሚፈጥረው ዴፍፖይንትስ የሚባል ሌየር ላይ እንጥለዋለን። እሱም አይታተምም፤ ግን የዳይሜንሽን (የልኬት) ነጥቦችም እዚያው ስለሚቀመጡ እኔ መቀላቀሉን አልወደውም።

ቅርጹ የተቆረጠ ቪውፖርት ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው። በክብ ወይም በፖሊላይን ከተቆረጠ፣ ጠርዙን ስትነኩ ሁለት ነገር ነው የሚመረጠው፦ ቪውፖርቱና መቁረጫው መስመር። ፕሮፐርቲስ ላይ ስኬል የሚባል ነገር ያጣችሁት ለዚህ ነው። ከላይ ያለውን ዝርዝር ከፍታችሁ «ቪውፖርት» የሚለውን ብቻ ምረጡ።

ትንሽ ቪውፖርት ትልቁ ሆድ ውስጥ ገብቶ አልያዝ ካለ፣ አንዱ ውስጥ ግቡና ኮንትሮልን ይዛችሁ አርን ንኩ። ተራ በተራ ያዞራችኋል።

ፋይሉን ለኅትመት ከመላካችሁ በፊት ወረቀቱ ላይ ሁናችሁ ኮንትሮል ኤ በሉ። ከፕሮፐርቲስ ዝርዝር ቪውፖርትን ለዩና የሁሉንም መቆለፊያ አንድ ላይ «የስ» አድርጉ። ለእያንዳንዱ ሌይአውት መደገም አለበት። ያ አዲሱ ልጅ አሁን ከእኔ ቀድሞ ያደርገዋል።