የሰማይ ምልከታ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሲመርጡ

ከመክፈልዎ በፊት በሙከራ ቅጂው ሦስት ምልከታ መዝግበው ወደ ሲኤስቪ ፋይል (በኮማ የተለያየ ተራ የሠንጠረዥ ፋይል) ያውጡ። መዝገብዎን ማውጣት የማይችል ፕሮግራም፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ይቅርብዎ። አማርኛ ማስታወሻም ይሞክሩ፦ ፋይሉን በኤክሴል ሲከፍቱ ፊደሉ ከተዘበራረቀ ዩቲኤፍ-8 (አማርኛንም የሚይዝ የፊደላት ኮድ) መርጠው እንደገና ያስገቡት፤ ፊደሉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ጽሑፉ ጠፍቷል።

ዋናው ራስ ምታት ሰዓት ነው። ብዙ ጊዜ መዝገብ የሚያዘው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ሲሆን ኢትዮጵያ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ጃንዋሪ 15 ለ16 አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት (በ24 ሰዓት አቆጣጠር 1:00) ጁፒተርን ካዩ፣ የሚገባው ጃንዋሪ 15፣ 22:00 ነው፤ ቀኑም ወደኋላ ይመለሳል። እንዳለ 7:00 ብለው ከሞሉት ረፋድ 4 ሰዓት ላይ፣ በፀሐይ፣ ያዩት ይሆናል። ስለዚህ የሰዓት ቀጠናን ለእያንዳንዱ ምልከታ የሚያስቀምጥ ይምረጡ።

የቦታው ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ የቴሌስኮፑ ዲያሜትር፣ የዓይን ሌንሱ ሚሊሜትር፣ የአየሩ እርጋታና ጥራት ለየብቻ ሳጥን ይኑራቸው። ሁሉም በአንድ ማስታወሻ ከታጨቀ በኋላ መፈለግ አይቻልም።

የሰማይን ካርታ የሚያሳየው የኮምፒውተር ፕሮግራም ስቴላሪየም ነጻ ነው፤ ለዕቅድ ግሩም ነው። ለመዝገብ ግን ለጀማሪ ተራ የኤክሴል ሠንጠረዥ ይበቃል። ስልክ ላይ ከሆነ ያለ ኢንተርኔት መሥራቱንና ቀይ የሌሊት ገጽታ እንዳለው ይዩ፤ ነጭ ስክሪን ጨለማ የለመደን ዓይን ለ20 ደቂቃ ያህል ያበላሻል።