በኤአይ የተሠራ ፊት ለምን ሰው አይመስልም? ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በኤአይ የሰው ምስል ያሠራ ሁሉ ይህችን ያውቃታል። ልብሱ ልክ ነው፣ ጀርባው ልክ ነው፣ ፊቱ ጋ ሲደርስ ግን የሆነ ነገር ቅር ይላል። ያኔ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ፕሮምፕቱ ላይ፣ ማለትም ለኤአይ በሚሰጠው የጽሑፍ ትእዛዝ ላይ፣ ቃል መከመር ነው። በእኔ እይታ የችግሩ ትልቁ ክፍል የሚመጣው ከዚሁ ክምር ነው። የቀረው ደግሞ ጭራሽ በቃል የሚፈታ አይደለም። ሁለቱን መለየት ብዙ ድካም ያስቀራል።

ከሁሉ በፊት ሲዱን ቆልፉ። ሲድ ምስሉ የሚነሳበትን የነጠብጣብ ውዥንብር የሚወስን ቁጥር ነው። ካልቆለፋችሁት በየዙሩ ሌላ ሰው ይመጣል። ፊቱን ያሳመረው የቀየራችሁት ቃል ይሁን ዕድል አታውቁም። አንድ ሲድ ብቻም ያታልላል፤ አንዳንዱ ምንም ቢጻፍለት ያምራል። ሦስት አራት ሲድ ምረጡና አንዱን ፕሮምፕት በሁሉም ላይ ሞክሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ውጤቱን ደግሞ በሙሉ መጠኑ ከፍታችሁ እዩት። በትንሹ ሲታይ የማያምር ፊት የለም።

ከታች ያሉትን ምሳሌዎች በአማርኛ ጽፌያቸዋለሁ። ብዙዎቹ ሞዴሎች (ምስሉን የሚሠሩት የኤአይ ፕሮግራሞች) እንግሊዝኛ የተሻለ ስለሚገባቸው ስትጠቀሙ ወደዚያ ቀይሯቸው።

ቆዳው ፕላስቲክ ይመስላል

የቅሬታዎች ሁሉ አውራ ይሄ ነው። ቆዳው ላይ አንድ መስመር የለም፣ ግንባሩ ያብለጨልጫል፣ በስልክ ፊልተር የተለሰነ ይመስላል።

ዋናው ተጠርጣሪ የሙገሳ ቃል ነው። «ውብ»፣ «እንከን የለሽ»፣ «ማስተርፒስ»፣ «ኤይት ኬ»። እነዚህ ስለ ሰውየው ምንም አይናገሩም። ሞዴሉ የሚያውቃቸው ከተኳኳሉ ማስታወቂያዎችና ከዲጂታል ሥዕሎች ጋር ተያይዘው ነው። «ሃይፐርሪያሊስቲክ» ከሁሉም ይብሳል፤ ፎቶ ለመሰለ ሥዕል የሚለጠፍ ቃል ስለሆነ ሥዕሉን ጎትቶ ያመጣል። ነገሩን የሚያባብሰው ሞዴሎቹ ድሮውንም ወደ ቆንጆ ማዘንበላቸው ነው። ስቴብል ዲፊውዥን የተባለው የምስል ሞዴል የመጀመሪያ ትውልድ ለምሳሌ፣ በመጨረሻው የሥልጠና ምዕራፉ የተማረው በኮምፒውተር የውበት ነጥብ ተሰጥቷቸው በተመረጡ ምስሎች ነው። እናንተ «ቆንጆ» ስትሉ በቆንጆው ላይ ሌላ ቆንጆ ትደርባላችሁ።

መፍትሄው ማሞገሱን ትቶ መግለጽ ነው። ይህን እዩ፦ «እጅግ ውብ ሴት፣ እንከን የለሽ ቆዳ፣ ማስተርፒስ፣ ኤይት ኬ»። በዚያው ሲድ ደግሞ ይህን፦ «የ47 ዓመት ሴት ፎቶ፣ ከግራ የሚገባ የመስኮት ብርሃን፣ ጉንጯ ላይ ፈዛዛ ማድያት፣ ዓይኗ ጥግ ቀጫጭን መስመሮች፣ ከግንባሯ ያፈነገጡ ጥቂት ጸጉሮች፣ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ»። አሁን ማድያቱንና መስመሮቹን አውጡና ብርሃኑን ብቻ አስቀሩ። ብዙ ጊዜ እሱ ብቻውን አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። ከጎን የሚመጣ ብርሃን የቆዳውን ሸካራነት በጥላ ያወጣዋል፤ ፊት ለፊት የሚመጣ ለስላሳ ብርሃን ግን ይውጠዋል። ይህን ለብቻው ሳትሞክሩ ስለ ቆዳ አሥር ቃል መጨመር ትርፉ ድካም ነው።

ተቃራኒውም አለ። «የቆዳ ቀዳዳ»፣ «ሸካራ ቆዳ»፣ «ጥቃቅኑ የሚታይ ቆዳ» ብሎ መደራረብ ፊቱን የብርቱካን ልጣጭ ያደርገዋል። አንዱ ይበቃል።

ቃሉን አጽድታችሁም ፕላስቲኩ ካልለቀቀ ቅንብሩን ፈትሹ። ሞዴሉ ለፕሮምፕቱ ምን ያህል ይታዘዝ የሚለውን የሚወስነው ሲኤፍጂ በስቴብል ዲፊውዥን ብዙ ጊዜ 7 አካባቢ ይጀምራል። 12 እና 15 ሲደርስ ቀለሙ ያርራል፣ ጥላው ይደርቃል። ወደ 5 አውርዱት። ፍለክስ ዴቭ በተባለው ሌላ ሞዴል ተመሳሳዩ ቁጥር የተለመደው 3.5 ነው፤ ወደ 2.5 ሲወርድ ቆዳው ሰው ሰው ይላል። ሚድጆርኒ በተባለው መሣሪያ ደግሞ ሞዴሉ በራሱ ምን ያህል ያሳምር የሚለውን የሚወስነው ስታይላይዝ 100 ላይ ይጀምራል፤ ቀንሱትና ማሳመሩን የሚገታውን ስታይል ሮው ጨምሩ። ጂኤፍፒጋንን የመሰለ የፊት ማደሻ ከበስተጀርባ በርቶ ከሆነም አጥፉት። ሞዴሉ በደንብ የሠራውን ቆዳ ሳይቀር ይለስነዋል፤ እናንተ ግን ፕሮምፕቱን ትወቅሳላችሁ።

ሁሉም ሰው አንድ ፊት ነው ያለው

«ወጣት ሴት» ካላችሁ ሞዴሉ የሚሰጣችሁ የወጣት ሴቶችን አማካይ ነው። ሹል አገጭ፣ ወፍራም ከንፈር፣ እኩል የተቀረጹ ቅንድቦች። መቶ ጊዜ ብትጠይቁት የአክስት ልጆች ያመጣላችኋል።

ዕድሜን በቁጥር ስጡ። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት የፊት ምልክት ጨምሩ፦ ሰፊ ግንባር፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ አፍንጫ፣ የተራራቁ ዓይኖች፣ ፍንጭት ጥርስ። ከሁሉ በላይ ግን ሚዛኑን አዛቡ። የሰው ፊት ቀኙና ግራው እኩል አይደለም። «አንዱ ቅንድብ ከሌላው ትንሽ ከፍ ያለ» የሚለው ሐረግ ለእኔ «ተፈጥሯዊ» ከሚለው ቃል በብዙ ይበልጣል። የታዋቂ ሰው ስም ጨምሮ ፊቱን መለየትን አልመክርም። የዚያን ሰው መልክ ያለፈቃዱ ትወስዳላችሁ፣ ጣጣውም ለእናንተ ይተርፋል።

ፊቱ ከሩቅ ሲሆን ይቀልጣል

እዚህ ጋ ቃል መቀየር አቁሙ። ስቴብል ዲፊውዥን ምስሉን የሚሠራው በሙሉ መጠኑ ሳይሆን በየጎኑ 8 እጥፍ ተጨምቆ ነው። 512 በ512 የሆነ ምስል ውስጥ 64 በ64 ቦታ ብቻ ነው ያለው። ሰውየው ከእግር እስከ ራሱ ቆሞ ፊቱ 48 ፒክስል ስፋት ካለው፣ ሁለት ዓይን፣ አፍንጫና አፍ በ6 ነጥብ ስፋት ውስጥ መግባት አለባቸው። «ጥርት ያለ ዓይን» ብላችሁ ብትለምኑት ከየት ያመጣዋል?

ወይ ቀረብ አድርጋችሁ ከወገብ በላይ አሠሩት፣ ወይ እንደ ኤስዲኤክስኤል ያለ 1024 በ1024 የሚሠራ ሞዴል ውሰዱ፣ ወይ ፊቱን ብቻ ቀብታችሁ በኢንፔይንት (የተቀባውን ቦታ ብቻ እንደገና በሚሠራው ዘዴ) አድሱት። ኢንፔይንት ስታደርጉ የተቀባው ቦታ ብቻ በሙሉ ጥራት ይሠራ የሚለውን ምረጡ፣ የተቀባው ቦታ ምን ያህል ይቀየር የሚለውን የሚወስነውን ዲኖይዚንግም ከ0.3 እስከ 0.5 ባለው ውስጥ ያዙት። ከዚያ ካለፈ ሌላ ሰው አንገቱ ላይ ይተከላል። ኤዲቴይለር የሚባለው ተጨማሪ ፕሮግራም ይህንኑ ሥራ በራሱ ይሠራዋል።

አይሁን ያልኩት ይመጣል

«ያለ መነጽር» ትጽፋላችሁ፣ ባለመነጽር ይመጣል። ሞዴሉ «መነጽር» የሚለውን ሲይዝ «ያለ» የሚለው ብዙ ጊዜ ይንሸራተታል። የማትፈልጉትን ወደ ኔጌቲቭ ፕሮምፕት፣ የማይፈለገው ነገር ለብቻው ወደሚጻፍበት ቦታ፣ አውጡት። ፍለክስ ዴቭ በተለመደው አሠራሩ ኔጌቲቭ ስለማይቀበል እዚያ ላይ የምትፈልጉትን ብቻ ተናገሩ። «ያልተኳኳለች» ከማለት «አሁን ፊቷን የታጠበች» ማለት ይሻላል።

ይስቃል፣ ዓይኑ ግን አይስቅም

«ደስተኛ» የሚል ቃል የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ያመጣል፤ ስሜቱን ከመጥራት የሚያደርገውን ነገር ስጡት። «ሳቁን ለመያዝ እየታገለ፣ ከካሜራው ጎን ያለ ሰው እያየ» ሲባል ጉንጩም ዓይኑም አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ካሜራውን ካላየ ደግሞ የዓይን ብሌን ስህተት ብዙም አይታወቅም።

ቃሉን ብቀይረው ምንም አይለወጥም

ሁለት ምክንያት ይኖረዋል። አንደኛው ርዝመት ነው። በቀደሙት የስቴብል ዲፊውዥን ሞዴሎች ጽሑፉን የሚያነበው ክሊፕ በአንድ ጊዜ ከ77 ቶክን (ቃል ወይም የቃል ቁራጭ) በላይ አይዝም። አንዳንድ ፕሮግራም የተረፈውን ይቆርጠዋል፣ አንዳንዱ ከፋፍሎ ያነበዋል። የፊቱን ነገር መጀመሪያ ላይ አድርጉት፣ የጀርባው ዝርዝር ይከተል።

ሁለተኛው የጻፋችሁት ሞዴሉ ጋ እንዳለ አለመድረሱ ነው። በ2023 የወጣው ዳል-ኢ 3 የተባለ የምስል ሞዴል ፕሮምፕቱን በቋንቋ ሞዴል አስፍቶ ይጽፈው ነበር፤ ሌሎች በቻት የሚታዘዙ መሣሪያዎችም ይህን ያደርጋሉ። አንድ ቃል ቀየርን ስትሉ ከኋላ ሙሉ አንቀጽ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው የመጨረሻውን ጽሑፍ የሚያሳይ ከሆነ ያወዳደራችሁት ምን ከምን ጋር እንደነበር እዚያ ላይ እዩ። ካላሳየ «ጽሑፌን ሳትቀይር እንዳለ ተጠቀም» በሉት። አንዳንዴ እንቢ ይላል፤ ያኔ የቃል ሙከራውን ሲድ ወደሚቆለፍበት ሌላ ሞዴል ውሰዱት።