ባሩ ከእጅ እንዳያመልጥ፦ ቾክ፣ ስትራፕና ሌሎች የመያዣ አጋዦች

ዴድሊፍት (ባሩን፣ ማለትም ክብደት የሚጫንበትን የብረት ዘንግ፣ ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም) ስትሠሩ ጀርባችሁ ገና ሳይደክም ጣቶቻችሁ ከተከፈቱ ስትራፕ (አንጓን ከባሩ ጋር የሚያስር ጥብጣብ) ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ባሩ እጃችሁ ላይ የት እንዳረፈ እዩ። አብዛኛው ጀማሪ መዳፉ መሃል ላይ አድርጎ ይጨብጠዋል። ክብደቱ ከመሬት ሲነሳ ባሩ በራሱ ጊዜ ወደ ጣቶቹ ሥር ይወርዳል፤ ሲወርድ ቆዳውን አጥፎ ይጎትታል፣ ጭብጡንም ያላላል። መዳፍ የሚላጠው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ባሩን ጣቶች ከመዳፍ በሚገናኙበት መስመር ላይ አሳርፉት፣ ጣቶቻችሁን ጠቅልሉ፣ አውራ ጣታችሁን በሌባ ጣትና በመሃል ጣት ላይ አጥብቃችሁ ዝጉ። የጣት ቀለበት ካላችሁ አውልቁ፤ በባርና በቀለበት መሃል የገባ ቆዳ በቀላሉ ይቀደዳል።

ቀጥሎ ባሩን ራሱን ተመልከቱ። የወንዶች የኦሎምፒክ ባር መያዣው 28 ሚሊ ሜትር፣ የሴቶቹ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። በየሰፈሩ ጂም ግን ብየዳ ቤት ከቧንቧ የተሠራ ባር ብርቅ አይደለም። «አንድ ኢንች» ተብሎ የሚሸጥ የብረት ቧንቧ የውጭ ውፍረቱ 33 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ላዩ ላይ ቀለም ሲቀባ ደግሞ እንደ መስታወት ይለሰልሳል። እንዲህ ባለው ባር ላይ 80 ኪሎ ካመለጣችሁ በጣቶቻችሁ ድክመት ብቻ አትፍረዱ። ሸካራ መያዣ ያለው ባር ካለ እሱን ምረጡ።

ቾክ

ነጩ የጂም ዱቄት ማግኒዥየም ካርቦኔት ነው። ሥራው አንድ ነው፦ ላብን መምጠጥ። የትምህርት ቤት ጠመኔ ነጭ ስለሆነ ብቻ አይተካውም፤ የሚሠራው ከጂፕሰም ወይም ከካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ እጅን እንደ ማግኒዥየም አያደርቅም። የሕፃናት ፓውደር ደግሞ ጭራሽ ተቃራኒው ነው፣ ያንሸራትታል። ዴድሊፍት ተወዳዳሪዎች ባሩ ጭናቸው ላይ እንዳይነክስ ፓውደር የሚቀቡትም ለዚህ ነው። ጭን ላይ ያደረጋችሁበትን እጅ ሳትታጠቡ ባር አትንኩ።

አቀባቡ እንዲህ ነው። እጃችሁን በፎጣ አድርቁ። ዱቄቱን በጣቶቹ ሥር፣ በጣቶቹ የውስጥ ገጽና በአውራ ጣት ውስጠኛ ጎን እሹት፤ መዳፉ መሃል ላይ ብዙም አያስፈልግም። ትርፉን እዚያው ዕቃው ውስጥ አራግፉ። ስስ ሽፋን በቂ ነው። ወፍራም ከሆነ ዱቄቱ በዱቄት ላይ ይንሸራተታል፣ በባሩ ሸካራ ክፍል ውስጥም ተጠቅጥቆ እሱኑ ያለሰልሰዋል። ስትጨርሱ ባሩን በደረቅ የናይለን ብሩሽ ጥረጉ።

ብዙ ጂሞች ወለል ያቆሽሻል ብለው ዱቄት ይከለክላሉ። እዚያ ፈሳሽ ቾክ ይዛችሁ ግቡ። ማግኒዥየሙ በአልኮል የተበጠበጠ ነው፤ ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቁ፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠብታ ለሁለቱም እጅ አዳርሱ፣ እስኪነጣና እስኪደርቅ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ሳይደርቅ ባር የሚይዝ ሰው ካልተቀባው ይብሳል። የተላጠ ቦታ ላይ ካረፈ ደግሞ አልኮሉ ያቃጥላል።

ስትራፕ

ስትራፕ የሚያስፈልገው ልታሠሩት ያሰባችሁት ጡንቻ ገና አቅም እያለው ጣት ቀድሞ ሲሸነፍ ነው፤ ከባድ ዴድሊፍት፣ የሮማኒያ ዴድሊፍት (ከወገብ ጎንበስ ብሎ ባሩን መሬት ሳያስነኩ መመለስ)፣ ሮው (ጎንበስ ብሎ ክብደት ወደ ሆድ መሳብ)፣ ሽረግ (ክብደት ይዞ ትከሻን ወደ ላይ ማንሳት)፣ ላት ፑልዳውን (በማሽን ዘንግ ከላይ ወደ ደረት መሳብ) ላይ። ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ማሰር ግን ጣቶችን ሥራ ማስፈታት ነው። ለምሳሌ የዕለቱ ከባድ ዙር 140 ኪሎ ከሆነ 60፣ 80 እና 100 ኪሎውን በባዶ እጅ፣ 120ውን በቾክ፣ 140ውን ብቻ በስትራፕ ሥሩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ጫፉ ላይ ትንሽ የተሰፋ ቀለበት ያለውን ረጅሙን ዓይነት ይግዛ። ጥጥ ላብ ይመጥጣል፣ ባርም ይይዛል፤ ናይለን ቀጭንና ጠንካራ ቢሆንም ትንሽ ያንሸራትታል። ቆዳ ይቆያል፣ እስኪለሰልስ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በ8 ቁጥር ቅርጽ የተሰፋው በጣም ይይዛል፣ ግን ባሩን በድንገት መልቀቅ ስለማያስችል ለዴድሊፍት ብቻ ይሁን።

አስተሳሰሩ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ረጅሙን ጭራ በቀለበቱ ውስጥ አሳልፉና እጃችሁን አስገቡ፤ ጭራው በመዳፋችሁ ላይ አልፎ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል መውጣት አለበት። በትንሿ ጣት በኩል ከወጣ የግራውን ለቀኝ አድርጋችኋልና ቀይሩ። የእጅ አንጓ አጥንት ላይ ሳይሆን ከእሱ ወደ መዳፍ ጠጋ ብሎ ይቀመጥ፣ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት እስኪቀር ድረስ አጥብቁት።

አሁን እጃችሁን ባሩ ላይ አኑሩ። ጣቶቻችሁ ባሩን ከላይ ተሻግረው በፊት በኩል ይወርዱና ወደ እናንተ ይታጠፋሉ። ጭራው የሚሄደው በተቃራኒው ነው፦ በእናንተ ወገን ይወርዳል፣ በባሩ ሥር ወደ ፊት ያልፋል፣ ከዚያ በላይ በኩል ይመለሳል። ከጣቶቹ ጋር በአንድ አቅጣጫ ከጠቀለላችሁት ጣት ሲከፈት እሱም አብሮ ይተረተራል፤ «ስትራፕ አድርጌም ያመልጠኛል» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው። አንድ ወይም ሁለት ዙር ይበቃል፣ ዙሮቹ ጎን ለጎን እንጂ አንዱ በአንዱ ላይ አይደራረቡ፤ ሲደራረቡ ባሩን ያወፍሩታል። ጭራውን ከመዳፋችሁ ሥር አስገብታችሁ ጨብጡበት። በመጨረሻ ሞተር ሳይክል ነዳጅ እንደሚሰጥ ሰው ባሩን ወደ ራሳችሁ አዙሩት፣ የላላው ሁሉ ይወጠራል። ይህን ሳታደርጉ ካነሳችሁ ክብደቱ መጀመሪያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዶ ከዚያ አንጓችሁን ይነጥቀዋል።

ደካማ እጃችሁን አስቀድማችሁ እሰሩ፤ ብርቱው እጅ ነፃ ሆኖ ያግዛችኋል። ሁለተኛውን ግን በጣቶች ጫፍ እየገፋችሁ መጠቅለል ነው፣ መጀመሪያ ላይ ያናድዳል፣ በሳምንት ይለመዳል። በየዙሩ መሃል ፍቱት። ጣት መደንዘዝ ከጀመረ ጠብቋል ማለት ነው፤ አንጓ ላይ የበለዘ መስመር ከታየ ደግሞ ወደ አጥንቱ ወጥቷል።

ክሊን (ባሩን ከመሬት በፍጥነት ወደ ትከሻ ማንሳት) ላይ ስትራፕ አይታሰርም። ባሩ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ክርን በፍጥነት መዞር፣ ካልተሳካም እጅ ባሩን መልቀቅ አለበት፤ የታሰረ አንጓ ሁለቱንም አይችልም፣ ሊጎዳ ይችላል። ለቤንች ፕሬስ (ተንጋሎ ባር መግፋት) እና ባሩን ጀርባ ላይ ተሸክሞ ለሚሠራ ስኳት (ቁጭ ብድግ) ምንም ሥራ የለውም፤ እዚያ የምታዩት ሰፊ ጥቅልል የአንጓ መደገፊያ ነው፣ ሌላ ዕቃ ነው። በክብደት ማንሳትም ሆነ በፓወርሊፍቲንግ (በስኳት፣ በቤንች ፕሬስና በዴድሊፍት የሚደረግ) ውድድር ስትራፕ ስለማይፈቀድ ለውድድር የሚዘጋጅ ሰው ከባዱንም ያለሱ መልመድ አለበት።

ያለ ዕቃ የሚሠሩት

የመንጠቆ አያያዝ፦ አውራ ጣትን በባሩ ላይ አስተኙ፣ ሌባ ጣትና መሃል ጣትን በላዩ ላይ ዝጉ። ያማል። መጀመሪያ ቀለል ባለ ክብደት፣ ለጥቂት ዙር ብቻ ሞክሩት፤ አውራ ጣትን በአንድ ንብርብር የሚለጠጥ ፕላስተር መጠቅለል ሕመሙን ይቀንሳል።

የአንዱ እጅ መዳፍ ወደ እናንተ፣ የሌላው ወደ ፊት ሆኖ መያዝም ባሩ እንዳይሽከረከር ያደርጋል። አደጋው መዳፉ ወደ ፊት በሚያየው እጅ ላይ ነው፦ ክርኑን አጥፎ በክንድ ለመሳብ የሚሞክር ሰው የክንዱ ጅማት ሊበጠስበት ይችላል። ክርን እስከ መጨረሻው ቀጥ ይበል፣ እጆቹንም በየዙሩ ቀያይሩ።

ጓንት? ቆዳ ይጠብቃል፣ አያያዝን ግን አይረዳም። ጨርቁ ባሩን ያወፍራል፣ ላብ ሲጠጣ ደግሞ ውስጡ እጅ ይንሸራተታል። ለመያዣ ብላችሁ ከሆነ ብራችሁን ቾክ ላይ አውሉት።

ጣቶቹንም አሠሩ፦ በሳምንት ሁለት ቀን ከልምምድ በኋላ ዘንግ ላይ ከ20 እስከ 40 ሰከንድ፣ ሦስት ጊዜ መንጠላጠል፤ የመጨረሻውን የማሟሟቂያ ዴድሊፍት ደግሞ ከላይ 10 ሰከንድ ይዞ መቆየት።

ለእጅና ለዕቃው

የደደረ ቆዳ እስከተስተካከለ ድረስ ጥሩ ነው፣ ጉብ ካለ ግን ባር ይዞት ይላጣል። ገላ ከታጠባችሁ በኋላ ለስልሶ ሳለ በተረከዝ መፈግፈጊያ ድንጋይ አስተካክሉት፤ በምላጭ አትቁረጡት። ቾክ ቆዳ ስለሚያደርቅ ማታ ቫዝሊን ተቀቡ፤ ከልምምድ በፊት ግን በፍጹም። ስትራፑን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና በእጅ እጠቡ፣ ጥላ ላይ አስጡ። በየጊዜው ቀለበቱ የተሰፋበትን ክር እዩት፤ መተርተር ከጀመረ ሰፍታችሁ አትጠቀሙበት፣ ጣሉት።