ሕንጻን ወደ ጎን የሚገፋውን የመሬት መንቀጥቀጥ ኃይል በካልኩሌተር እንዴት መገመት ይቻላል?

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲናወጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። «የእኛ ሕንጻስ ይችለዋል?» የሚለው ሙሉ ጥያቄ የመሐንዲስ ሥራ ነው። ኃይሉ በግምት ስንት ቶን እንደሆነ ግን በስልክ ካልኩሌተርም ይገኛል።

ምሳሌያችን ጂ+4 የኮንክሪት ሕንጻ ነው። ከፍታው 15 ሜትር፣ እያንዳንዱ ወለል 200 ካሬ።

1. ክብደቱን አስሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኔም መጀመሪያ ስሠራ ሶሌታ፣ ቢምና ኮለን ደምሬ ጨረስኩ አልኩ። ብሎኬቱን ረስቼዋለሁ! በሁለት ጎን የተለሰነ፣ 3 ሜትር ከፍታ ያለው ባለ 15 ሳንቲም ብሎኬት በአንድ ሜትር ርዝመት እስከ 900 ኪሎ ይደርሳል። በየወለሉ ስንት ሜትር ግድግዳ እንዳለ በሜትር ለኩት፤ ያስደነግጣል። ሊሾውና ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ ታንከርም አይቅር። ታንከሩን ሙሉ አድርጋችሁ ቁጠሩት። ጊዜ ካጣችሁ በካሬ አንድ ቶን ያዙ፤ እኔ ይህን አቋራጭ እወደዋለሁ። የእኛ ሕንጻ 1,000 ቶን ሆነ።

2. የመወዛወዣ ጊዜውን፣ ማለትም ሕንጻው አንዴ ወዲያና ወዲህ ለመወዛወዝ የሚፈጅበትን ጊዜ አግኙ። የ15ን ስኩዌር ሩት ውሰዱ፣ 3.87። የእሱን ስኩዌር ሩት ደግሞ፣ 1.97። ሁለቱን አባዙና በ0.075 ምቱ፤ 0.57 ሰከንድ።

3. ኃይሉን አስሉ። የአካባቢው የመሬት ፍጥነት መጨመሪያ (ከመሬት ስበት ጋር ሲነጻጸር) በሕንጻ ደንቡ ካርታ ላይ አለ፤ እዚህ 0.1 እንውሰድ። ለመካከለኛ አፈር በ1.15 ይባዛል። ጊዜያችን ከ0.2 እስከ 0.6 ሰከንድ ውስጥ ስለሆነ በ2.5 ይባዛል። ሳይሰበር የመለመጥ አቅም ላለው ፍሬም በ3.9 ይካፈላል። ከሁለት ፎቅ በላይ ስለሆነ በ0.85 ይባዛል። ከክብደቱ ጋር ሲባዛ ወደ 63 ቶን ይመጣል።

3.9ን ዝም ብላችሁ አትውሰዱ። የስታፋው (ቋሚ ብረቶቹን ዙሪያውን የሚያቅፈው ብረት) ጫፍ ወደ ኮንክሪቱ ውስጥ ካልታጠፈ ሕንጻው ያን ያህል አይለመጥም። በ3.9 ፋንታ በ1.5 ስታካፍሉት ኃይሉ 163 ቶን ይሆናል።

4. በየወለሉ አከፋፍሉ። ወለሎቹ እኩል ከከበዱ 63 ቶኑ እንደ ከፍታቸው ይከፋፈላል፤ ላይኛው 21 ቶን፣ ታችኛው 4 ቶን ይደርሰዋል።

ምድር ቤቱ ለሱቅ ተብሎ ግድግዳ አልባ ከሆነ፣ ላይኛው ደግሞ ብሎኬት ከሞላው፣ ይህ ስሌት አይሠራም። መወዛወዙ በሙሉ በእነዚያ የሱቅ ኮለኖች ላይ ይከማቻል። እንዲህ ያለውን ሕንጻ መሐንዲስ ኮለን በኮለን ይየው።