ፀጉር መንጨትን ለመተው፦ ከእጅዎ ይጀምሩ

ፀጉርን፣ ቅንድብን ወይም ሽፋሽፍትን ደጋግሞ መንጨት በሕክምና ትሪኮቲሎማኒያ ይባላል፤ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1889 ያወጣው ፈረንሳዊው የቆዳ ሐኪም ሃሎፖ ነው። «ተይ!» እያሉ እጅ መምታት የማይጠቅመው፣ ብዙ ጊዜ እጁ ወደ ራስ የሚወጣው ሰውየው ሳያውቀው ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ለማቆም ሳይሞክሩ ብቻ ይመዝግቡ። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የትኛው እጅ እንደሆነና ስሜትዎን ይጻፉ። ሐዋሳ ፒያሳ ባጃጅ ሲጠብቁ ነው? ማታ ስልክ እያዩ ክርንዎን ሲደገፉ? ጣቶችዎ የሚፈልጉትንም ልብ ይበሉ፤ ብዙዎች ሸካራውን ወይም ጥምዝምዙን ፀጉር ለይተው ይነጫሉ፣ ከዚያ ነጩን ሥር አይተው በከንፈራቸው ያሹታል። ለጣቶችዎ ምትክ ሥራ ሲፈልጉ ይህ ይጠቅማል።

ቀጥሎ ዋናው ልምምድ። አዝሪን (Azrin) እና ነን (Nunn) የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ያስተዋወቁት ዘዴ ነው። እጅዎ ወደ ላይ መነሳት ሲጀምር ጡጫ ጨብጠው ክንድዎን ከጎንዎ ጋር ያጣብቁ፤ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ይቆዩ። የማይሳካላቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ፀጉሩን ከያዙ በኋላ ነው፤ ያኔ ዘግይቷል። እጁ ትከሻ ሳያልፍ ይያዙት። ጭንቀት በሌለበት ሰዓትም ይለማመዱት፤ አለዚያ በጭንቀት ጊዜ ትዝ አይልም።

መንገዱንም ያጥብቡ፦ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ላይ ፕላስተር፣ ቤት ውስጥ ሻሽ፣ ወረንጦውን ለሌላ ሰው አደራ። ለጣት ሥራ ይስጡት፤ ምስር መልቀም፣ ጥጥ መፍተል። ሹሩባ መሠራት ይረዳል፣ ግን አጥብቆ የተጎነጎነ ሹሩባ ራሱ ፀጉር ይነቅላል፤ ላላ ይበል።

ቤተሰብ እጅዎ ሲነሳ ካየ አንድ ምልክት ብቻ ይስጥ፣ የራስ ፀጉርዎን አይፈትሽ።

የተራቆተው ቦታ ቅርፊት ካለውና ካሳከከ ቆረቆር ሊሆን ስለሚችል የቆዳ ሐኪም ይየው። ፀጉሩን የሚውጥ ሰው ሆዱን ካመመው ወይም ካስመለሰው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ፤ ፀጉር በጨጓራ ውስጥ ተቋጥሮ ይቀራል። ልምምዱ ብቻውን ካልበቃ የአእምሮ ጤና ክፍል ይጠይቁ።

መሻሻልዎን በመስተዋት አይለኩ። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚያድገው፤ ማስታወሻ ደብተርዎ ግን በሁለተኛው ሳምንት ልዩነቱን ሊያሳይዎ ይችላል።