የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትን ስብስብ ከመዝገብ ደብተር ወደ ኮሃ እንዴት ማዛወር ይቻላል?

ብዙ የከተማ ቤተ መጻሕፍት ምን መጽሐፍ እንዳላቸው የሚያውቁት ከወፍራሙ የመዝገብ ደብተርና ከአንድ ነባር ሠራተኛ ነው። ሠራተኛው ጡረታ ሲወጣ ግማሹ ካታሎግ አብሮት ይወጣል። ይህን የሚለውጥ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ ስሙ ኮሃ ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ለአንድ የገጠር ወረዳ ቤተ መጻሕፍት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ ጀመረ፤ ካታሎጉን፣ ውሰቱን፣ የአባላት ምዝገባውን፣ ቆጠራውንና ሪፖርቱን በአንድ ላይ ይዟል። ስለ አጫጫኑ የሚያስረዳ መመሪያ ሞልቷል። ስለ ፊደላችን፣ ስለ ስማችንና ስለ ዘመን አቆጣጠራችን ግን የሚነግራችሁ የለም፤ ሥራው የሚበላሸው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

ዕቃው

ለሰርቨርነት አንድ ደህና ኮምፒውተር፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ)፣ ባርኮድ አንባቢና በሕንፃው ውስጥ የተዘረጋ ኔትወርክ ይበቃል። ለዕለት ሥራ ኢንተርኔት የግድ አይደለም። ኮሃ በዴቢያን ወይም በኡቡንቱ ላይ ስለሚጫን ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋችኋል። ለባርኮድ አንባቢ ብዙ ገንዘብ አታውጡ፤ ርካሹም ያው ሥራ ይሠራል። የተረፈውን ለዩፒኤስ ባትሪ አውሉት።

ባርኮድ አንባቢው ኮምፒውተሩ ዘንድ እንደ ኪቦርድ ነው የሚቆጠረው። የኪቦርዱ ቋንቋ አማርኛ ላይ ከሆነ በባርኮዱ ውስጥ ያለው የላቲን ፊደል ወደ ግዕዝ ፊደል ተለውጦ ይገባል፤ በእጃችሁ የያዛችሁትን መጽሐፍ ኮምፒውተሩ «አላውቀውም» ይላል። ስለዚህ ባርኮዱ ቁጥር ብቻ ይሁን። የቅርንጫፉን ምሕጻረ ቃልና የተገዛበትን ዓመት ባርኮዱ ውስጥ ካላስገባን የሚል ኃላፊ አይጠፋም፤ በትሕትና እምቢ በሉት። ለዚያ ሁሉ ሌላ ቦታ አለው።

ከመደርደሪያው ጀምሩ

ከደብተሩ ላይ እየገለበጡ መመዝገብ ፈጣን ይመስላል። ነገር ግን ደብተሩ ከዓመታት በፊት የጠፋውንም፣ በውሰት ወጥቶ የቀረውንም መጽሐፍ እንዳለ አድርጎ ይዟል። መጽሐፉን በእጅ ይዞ፣ የርእስ ገጹን አይቶ፣ ማኅተሙን አረጋግጦ መመዝገብ ይሻላል። ደብተሩ የሚያስፈልገው በመጨረሻ ነው፦ እዚያ ኖሮ መደርደሪያ ላይ ያልተገኘው ለንብረት ክፍል የሚቀርብ የጎደሎ ዝርዝር ይሆናል። ባርኮዱን በውጭ፣ በኋላው ሽፋን ላይ ለጥፉና በግልጽ ፕላስተር ሸፍኑት። ውስጥ የተለጠፈ ባርኮድ በየቆጠራው መጽሐፉን ያስገልጣል።

በኮምፒውተር የተጻፈ የቆየ ዝርዝር ካላችሁ ማርክኤዲት በተባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ማርክ 21 ቀይሮ ማስገባት ይቻላል፤ ማርክ ቤተ መጻሕፍት የመጽሐፍን መዝገብ በቁጥር በተሰየሙ መስኮች ከፋፍለው የሚይዙበት ቅርጽ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ፍተሻ አለ። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የየቋንቋው ፊደል የራሱ ኮድ በተሰጠበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ መሥሪያ ቤቶች የሚጽፉት የላቲንን ቦታ በግዕዝ ምስል በሚሸፍኑ ፎንቶች ነበር። ከዝርዝሩ አንድ መስመር ቀድታችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ከሆነ ዝርዝሩ ወደ ዩኒኮድ ካልተለወጠ አይረባም። ኤክሴል ላይም በዩቲኤፍ-8 (በዩኒኮድ የፋይል አቀማመጥ) ካላስቀመጣችሁት አማርኛው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ ከባርኮዱ መነሻ ያለውንም ዜሮ ሳይጠይቅ ይቆርጠዋል። የባርኮዱን ዓምድ አስቀድማችሁ ጽሑፍ ነው በሉት።

የውጭ አገር መጽሐፍ ከሆነ ከአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ መዝገቡን ገልብጡ፤ ደቂቃ አይፈጅም። ለአማርኛ መጽሐፍ ግን ይህ አቋራጭ እምብዛም አይጠቅምም፤ እዚያ የአማርኛ መጻሕፍት መዝገብ በአብዛኛው በላቲን ፊደል የተጻፈ ነው።

የደራሲ ስም

የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም። ከበደ ማሞ የሚፈለገው «ከበደ» ተብሎ ነው። የደራሲው ስም በሚጻፍበት በማርክ መስክ 100 ላይ የመጀመሪያው አመልካች (ከመስኩ ፊት የሚገባው ቁጥር) 0 ከሆነ ስሙ በራሱ ስም ይጀምራል፤ 1 ከሆነ በቤተሰብ ስም። ኢትዮጵያዊ ደራሲ 0 ነው፤ ስሙም ሳይገለበጥና ያለ ነጠላ ሰረዝ ይጻፋል። ይህን የማያውቅ ጀማሪ የፈረንጅ መጽሐፍ ሲመዘግብ የዋለበትን ልማድ ይዞ «ማሞ፣ ከበደ» ብሎ ይጽፋል፤ የአንድ ደራሲ ሥራ ግማሹ በልጁ፣ ግማሹ በአባቱ ስም ይደረደራል።

ማዕረግም እንዲሁ ነው። አለቃ፣ አባ፣ ብላታ፣ ቀኛዝማች፣ ዶክተር ከስሙ ፊት ከገቡ ዶክተሮች ሁሉ «ዶ» ሥር ይሰበሰባሉ። ቦታቸው ከስሙ ቀጥሎ ለማዕረግ የተመደበው ንዑስ መስክ ነው። እንደ ገብረ ክርስቶስ ያለውን ድርብ ስም ነጥላችሁ ወይም ገጥማችሁ ጻፉ፤ የትኛውንም ምረጡ፣ ግን የእያንዳንዱ ደራሲ ስም ቋሚ አጻጻፍ በሚያዝበት በስም ሥልጣን መዝገቡ ላይ አንዱን አጽንታችሁ ሌላውን አማራጭ አድርጉት።

ሞክሼ ፊደላት

ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ የሚገባው ይህ ነው። በርእስ ገጹ ላይ «ፀሐይ» ተብሏል። አንባቢው «ጸሀይ» ብሎ ይፈልጋል። ለኮምፒውተሩ ሁለቱ እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ «ምንም አልተገኘም» ይላል። አንባቢው መጽሐፉ የለም ብሎ ይሄዳል፤ መጽሐፉ ከጀርባው መደርደሪያ ላይ ነው። «ዓለም» በአራት መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ «ፀሐይ» ደግሞ ጸንና ፀን፣ የሀን፣ የሐንና የኀን ግዕዝና ራብዕ እያቀያየርን ብንቆጥር አሥራ ሁለት መልክ ይወጣዋል።

በየቦታው የማየው መፍትሔ «ከዛሬ ጀምሮ ሁላችንም በሀ እና በሰ ብቻ እንጽፋለን» የሚል የስብሰባ ውሳኔ ነው። አልስማማበትም። ካታሎጉ በሽፋኑ ላይ ያለውን የደራሲውን አጻጻፍ ይክዳል፤ አስተካክሎ «ፀሐይ» ብሎ የጻፈው አንባቢ ደግሞ ይቀጣል። ሌላው መንገድ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አማራጭ ርእስ በመስክ 246 ላይ በእጅ መጨመር ነው። ይህ ስሕተት የለበትም፤ ግን ከጥቂት መቶ መጻሕፍት በኋላ ማንም አይቀጥልበትም።

ትክክለኛው መዝገቡን እንደ ርእስ ገጹ ትቶ የፍለጋ ማውጫውን ማስተማር ነው። ኮሃ ዜብራ በተባለው የፍለጋ ሞተር ሲሠራ ቃላትን የሚያወጣበት ሁለት ዘዴ አለው፤ ከላቲን ውጭ ላለ ፊደል የሚሆነው አይሲዩ የተባለው ነው። ጫኚውን ከመጀመሪያው ይህን እንዲመርጥ ጠይቁት። ከዚያ አይሲዩ የሚያነባቸው የደንብ ፋይሎች ውስጥ፣ አንዱ ለነጠላ ቃል ሌላው ለሐረግ ነውና በሁለቱም፣ የመተኪያ መስመሮች ይጨመራሉ፦ ሠ ወደ ሰ፣ ሡ ወደ ሱ እያለ እስከ ሳብዕ፤ ፀ ወደ ጸ እንዲሁ፤ ሐ እና ኀ ወደ ሀ በየሆሄያቸው፤ ዐ ወደ አ በየሆሄው። ሁለት ቤቶች ላይ አንድ ነገር ይጨመራል፦ ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ በንባብ አንድ ስለሆኑ የሁለቱ ቤቶች ራብዕ ሁሉ ከግዕዙ ጋር ይጠቃለላል። ኸን አትንኩ፤ ከሀ ጋር ስታዋህዱት የማይፈለግ ውጤት ይበዛል። ሁለት ነጥቡም «፡» እንደ ባዶ ቦታ ይቆጠር፤ ያለዚያ ከድሮ መጽሐፍ እንዳለ የተገለበጠ ርእስ አንድ ረጅም ቃል ይሆናል።

ደንቡ በተከማቸው ጽሑፍም አንባቢው በሚጽፈውም ላይ እኩል ስለሚሠራ «ጸሀይ» ብሎ የጻፈው «ፀሐይ»ን ያገኛል፤ ስክሪኑ ላይ የሚያየው ግን የርእስ ገጹን አጻጻፍ ነው። ደንቡ ከገባ በኋላ ማውጫው ከሥር እንደገና መገንባት አለበት። ይህ ካልተደረገ አዲስ የተመዘገበው ብቻ ይገኛል፤ ነባሩ እንደ ድሮው ይደበቃል። የፋይሎቹንም ቅጂ ለብቻ አስቀምጡ፤ ኮሃ ሲታደስ «በአዲስ ልተካቸው?» ብሎ ሲጠይቅ ሳያነብ «አዎ» የሚል ሰው ሥራውን ሁሉ ያፈርሰዋል።

ዓመተ ምሕረት

መጽሐፉ 1998 ዓ.ም. ታተመ ካለ ለኅትመት መረጃ በተመደበው በመስክ 264 ላይ እንዳለ ጻፉና በማዕዘን ቅንፍ [2005 ወይም 2006] ጨምሩ። ወሩ ከታወቀ አንዱ ይበቃል። ኮምፒውተሩ በዓመት የሚደረድርበት መስክ 008 ግን የጎርጎርዮሳውያኑን ብቻ ይፈልጋል፤ እዚያ 1998 ከገባ መጽሐፉ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጃል። የሚወገድ መጽሐፍ ዝርዝር ስታወጡ ገና አዲስ የሆነው የአማርኛ መጽሐፍ ከአሮጌዎቹ ጋር ተሰልፎ ይመጣል።

መደብ

መጻሕፍት በርእሰ ጉዳያቸው ቁጥር በሚሰጣቸው በዲዊ አመዳደብ የኢትዮጵያ ታሪክ 963፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87 ነው። ሁለተኛው በእኛ አገር መደርደሪያ ሙሉ ስለሚሆን ከቁጥሩ ሥር የደራሲውን ስም የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት በግዕዝ ፊደል ጻፉ። በላቲን የሚጽፉ አሉ፤ ለማን ብለው እንደሆነ አይገባኝም።

ማስወገድ

ኮሃ «በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ ያልተዋሰ» የሚል ዝርዝር በቀላሉ ያወጣል። አትመኑት። በእኛ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አብዛኛው ንባብ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ዳሩ እስኪበጣጠስ የሚሻሙት የፊዚክስ መጽሐፍ ከሕንፃው ወጥቶ አያውቅም። በሪፖርቱ ላይ ግን ማንም ያልነካው መጽሐፍ ነው። መድኃኒቱ ቅንብሮቹ ውስጥ አለ፦ ያልተዋሰ መጽሐፍ በመመለሻ ገጹ ላይ ሲነበብ የውስጥ ንባብ ሆኖ እንዲቆጠር የሚያደርገውን አማራጭ አብሩት። ከዚያ ማታ ማታ ከጠረጴዛ የተሰበሰቡት መጻሕፍት ወደ መደርደሪያ ከመመለሳቸው በፊት በባርኮድ አንባቢው ይለፉ። አንባቢዎችም ራሳቸው እንዳይመልሱ ማስታወቂያ ለጥፉ።

መጽሐፉ የመንግሥት ንብረት ነውና ከመደርደሪያ መውረዱ ከመዝገብ መሰረዝ አይደለም። የማስወገድ ውሳኔው በደብዳቤ እስኪመጣ ሁኔታውን «የወጣ» (የተዋሰ ሳይሆን ከአገልግሎት የተነሣ) አድርጋችሁ አቆዩት። መዝገቡን ቀድሞ የደመሰሰ ሠራተኛ ኦዲተር ሲመጣ የሚያሳየው ነገር የለውም።

መጠባበቂያ

በዴቢያን ጥቅል የተጫነ ኮሃ በየሌሊቱ የመረጃ ቋቱን ቅጂ ያወጣል፤ ሰርቨሩ ሌሊት ከጠፋ ግን ቅጂውም የለም፤ ሰዓቱን ወደ ቀን አዛውሩት። በየሳምንቱ አንዱን በውጫዊ ዲስክ ገልብጣችሁ ከሕንፃው ውጭ አስቀምጡ። አንድ ቀን ደግሞ ያንን ቅጂ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ጭናችሁ ካታሎጉ በትክክል መከፈቱን፣ «ጸሀይ» ስትሉም «ፀሐይ» መምጣቱን እዩ፤ የመረጃ ቋቱ ቅጂ የፊደል ደንቦቹን አይዝምና እነሱን ለየብቻ ማምጣት ይኖርባችኋል።