የድራም ሞጁልንና ሳምፕሊንግ ፓድን በሚዲ ማገናኘት

በኮዬ ፈጬም ሆነ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር የድራም ተጫዋች፣ ጎረቤት ሳያውክ በጆሮ ማዳመጫ ለመለማመድ ኤሌክትሮኒክ ድራም ተመራጭ ነው። አብዛኞቹ ሞጁሎች (ፓዶቹ ሲመቱ ድምፁን የሚያወጣው የድራሙ ዋና ክፍል) ግን የሀገራችንን ከበሮ ድምፅ ይዘው ስለማይመጡ፣ ከበሮ ተቀድቶ የተጫነበትን ሳምፕሊንግ ፓድ ከሞጁሉ ጋር በሚዲ፣ ማለትም ኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሣሪያዎች እርስ በርስ በሚግባቡበት ሥርዓት፣ ማገናኘት ያስፈልጋል።

እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 ይፋ የሆነው ሚዲ ድምፅ አያስተላልፍም፤ በገመዱ የሚያልፈው የትኛው ኖት በምን ያህል ኃይል እንደተመታ የሚናገር መልእክት ብቻ ነው። ስለዚህ የሁለቱም መሣሪያዎች የድምፅ መውጫ ለየብቻ ወደ ሚክሰር መግባት አለበት። ሚዲውን በትክክል ሰክቶ ድምፅ ያጣ ሰው አስቀድሞ ይህን ይመርምር።

ሁለቱንም መሣሪያዎች አጥፍተው፣ ባለ 5 ፒኑን ገመድ ከሞጁሉ «ሚዲ አውት» ወደ ሳምፕሊንግ ፓዱ «ሚዲ ኢን» ይሰኩ። የገመዱ ርዝመት ከ15 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። በዩኤስቢ ለማገናኘት ከታሰበ ግን አብዛኛውን ጊዜ በመካከል ኮምፒውተር ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሁለቱን መሣሪያዎች ቻናል (መልእክቱ የሚሄድበትን መስመር) ያስማሙ። ሚዲ 16 ቻናሎች አሉት፤ ለድራም የተለመደው 10ኛው ነው። ከዚያም የኖት ቁጥሮችን (ለእያንዳንዱ ድምፅ የተሰጠውን ቁጥር) ያዛምዱ። ኪክ 36፣ ስኔር 38፣ የተዘጋ ሃይ ሃት 42 መሆናቸው የተለመደ ነው። ለምሳሌ ሁለቱ ቶሞች 43 እና 45 የሚልኩ ከሆነ፣ የከበሮውን ሰፊ አፍ ወፍራም ድምፅ በ43፣ የጠባቡን አፍ ቀጭን ድምፅ በ45 ላይ ያድርጉ፤ ሁለት ድምፅ እንዳይደራረብም በሞጁሉ ላይ የቶሞቹን ድምፅ ወደ ዜሮ ያውርዱ።

እንደ ችክችካ ባለ ፈጣን ምት ላይ ድምፁ ከእጅ ወደኋላ የሚቀር ከሆነ፣ ገመዱን ለመቀየር አይቸኩሉ። ሚዲ በሰከንድ 31,250 ቢት ስለሚያስተላልፍ የአንድ ምት መልእክት 1 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ይወስዳል። ይልቁንም የተቀዳው የከበሮ ድምፅ መጀመሪያ ላይ ባዶ ጸጥታ ቀርቶ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ምቱ እስከሚጀምርበት ነጥብ ድረስ ያለው ጸጥታ በጥንቃቄ ተቆርጦ ሊወጣ ይገባል። አንድ ፓድ ሲመታ አጠገቡ ያለው ፓድ አብሮ የሚጮኸው ደግሞ በማቆሚያው ንዝረት ነው። ይህን ለማስቀረት በሞጁሉ «ክሮስቶክ» ማስተካከያ መጠቀም ይሻላል፤ የፓዱን የንቃት ወለል (ፓዱ ምቱን እንዲያውቅ የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ ኃይል) ብዙ ከፍ ማድረግ ለስለስ ያሉትን ምቶች ያጠፋቸዋል፣ የችክችካ ውበት ደግሞ ያለ እነርሱ አይሟላም።

ሁሉም ሲስተካከል ቅንብሩን በሁለቱም መሣሪያዎች ላይ ወዲያውኑ ያስቀምጡ፤ አንዳንዶቹ በራሳቸው ስለማያስቀምጡ፣ መብራት በድንገት ሲጠፋ የተደረገው ማስተካከያ ሁሉ ይጠፋል። መብራቱ ሲመለስም ኃይሉ እስኪረጋጋ ድረስ መሣሪያዎቹን ከሶኬት ነቅሎ መቆየት፣ ቢቻል ደግሞ በስታቢላይዘር በኩል ማብራት ይገባል።